«አይመጥንም» በተባለ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11፦ የ14 ወራት ልምድ

ይህን ግምገማ የምጽፍበት ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመረተ፣ አምስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር የተገጠመለት፣ ውጭ አገር በአንድ ቢሮ ሲያገለግል ቆይቶ ወደ እኔ የመጣ ዕቃ ነው። ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንድ ብሎክ ሥር ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት ያህል ይሠራል። በዊንዶውስ 11 መስፈርት ሲለካ ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል፦ ፕሮሰሰሩ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ መሆን ሲገባው አምስተኛ ነው፤ የደኅንነት ቺፑም ቲፒኤም 2.0 መሆን ሲገባው 1.2 ነው። ይህም ሆኖ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እስከ የካቲት 2018 ዓ.ም. ድረስ በዊንዶውስ 11 ብቻ ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ የምገመግመው ላፕቶፑን ለብቻው ወይም ሲስተሙን ለብቻው ሳይሆን፣ ሽማግሌ ሳይላክ የተፈጸመውን የሁለቱን ጋብቻ ነው።

ወደዚህ የገባሁት ወድጄ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚቋረጥ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ ለግለሰቦች የተፈቀደው የአንድ ዓመት ማራዘሚያም ቢሆን ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሚያበቃ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም። ደንበኞቼ የሚመጡት ፍላሽ ይዘው ነው፤ በየቀኑ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ፍላሽ የሚሰካበትን ኮምፒውተር ያለ ደኅንነት አፕዴት ማሠራት በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው። አዲስ ላፕቶፕ እንዳልገዛ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን የላፕቶፕ ዋጋም አብሮት ወጥቷል። (ሁለቱ ነገሮች ሐምሌ 22 ላይ መግጠማቸው አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀኗን ግን አልወዳትም።)

ዝግጅቱን በአጭሩ ልለፈው። ነባሩን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) አስገባሁ፣ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግሁ፣ ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥሁ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የመሥራት አቅም ላለው ሰው ምክሬ ኤስኤስዲው ነው፤ ብዙዎች «ኮምፒውተሬ አርጅቷል» የሚሉት ያረጀው ዲስኩ ብቻ ሆኖ ሳለ ነው።

ስለ መጫኑ ግን በደንብ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መስፈርት የሚባለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛውን መስፈርት የሚያጣራው የመጫኛው ፕሮግራም ነው። እሱ እንደ በር ዘበኛ መታወቂያ ጠይቆ ይመልሳል እንጂ፣ አንዴ ግቢ ከተገባ በኋላ ተከትሎ አይመጣም። ሩፈስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የመጫኛውን ፍላሽ ሲያዘጋጅ የቲፒኤም፣ የሴኪዩር ቡትና የራም ጥያቄዎችን እንዲያስቀር ምርጫ ስለሚሰጥ፣ ያለ ብዙ ድካም ዘበኛውን ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት መስፈርት ግን ሌላ ነው፦ 24ኤች2 ከተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ ፖፕካውንትና ኤስኤስኢ 4.2 የሚባሉትን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ሲስተሙ ራሱ ስለሚጠቀምባቸው፣ እነዚህ የሌሉት ኮምፒውተር በምንም ዘዴ አይነሳም። ከመጀመሪያው የኮር አይ ትውልድ ወዲህ ያሉት ፕሮሰሰሮች ትእዛዞቹን ያውቋቸዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ኮር ቱ ዱዎ ግን አያውቃቸውም።

ይህን ልዩነት ለማስረዳት የተቸገርሁት ጡረታ የወጡ አንድ የሠፈራችን መምህር ኮር ቱ ዱዎ ላፕቶፓቸውን አቅፈው የመጡ ዕለት ነው። «ልጄ፣ ያንቺ አሮጌ ከተቀበለ የእኔስ አሮጌ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ የእኔን የከለከለው ዘበኛ ስለሆነ አለፍሁት፤ የእርስዎ ግን ዘበኛውን ቢያልፍም ከውስጥ የሚቆምበት ወለል የለውም» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የሚቆምበትን አንቺው ፈልጊለት» ብለው ጥለውልኝ ሄዱ። ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሌላ ነጻ ሲስተም ጫንሁለት፤ ዛሬም ዜና ያነቡበታል።

የእኔ መጫን በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተጠናቀቀ። የኦንላይን አካውንት እንዲያስከፍተኝ ስላልፈለግሁ የጫንሁት ኢንተርኔት ሳላገናኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ችግር የወለደውም ይኸው ነው። በሳምንቱ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። በራሷ ኮምፒውተር 84 ገጽ የነበረው ጽሑፍ በእኔ ላይ 93 ገጽ ሆነ፤ ማውጫው ምዕራፍ አራት ገጽ 51 ላይ ይጀምራል ሲል ምዕራፉ ገጽ 57 ላይ ቁጭ ብሏል። ወርድ ላይ የፎንቱን ስም ብመለከት «ኒያላ» ይላል፤ ስሙ ስላለ ፎንቱም ያለ መሰለኝ። ወርድ ግን ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም የሰነዱን ፎንት ስም እንዳለ ያሳያል፤ ጽሑፉን የሚያወጣው ሌላ ተተኪ ፈልጎ ነው። ኒያላ፣ ያ ስሙን ከደጋ አጋዘን የወሰደውና ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የምናውቀው ፎንት፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ከሲስተሙ ጋር አብሮ አይመጣም። አብሮ የሚመጣው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ኤብሪማ ነው፤ ኤብሪማ ደግሞ ሰፋ ብሎ ስለሚቀመጥ ገጽ ይበላል።

አማርኛ በቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ሲጨመር ሲስተሙ ኒያላን ራሱ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ እኔ ግን ቋንቋውን የጨመርሁት ያለ ኢንተርኔት ነበርና የሚወርድ ነገር አልነበረም። መፍትሔው ኢንተርኔት አገናኝቶ ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ከሚለው ገብቶ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን መጨመር ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ጽሑፉ ወደ 84 ገጽ ተመለሰ፤ ማውጫውም ታረቀ። ለተማሪዋ የመጀመሪያውን ኅትመት ሳላስከፍል ደግሜ አተምሁላት፤ የወረቀቱ ኪሳራ የእኔ ነው። ይህ ችግር በአዲስ ኮምፒውተርም ላይ የሚያጋጥም መሆኑን ለፍትሕ ስል እገልጻለሁ፤ በአማርኛ ሰነድ የሚተዳደር ሰው ሲስተም በቀየረ ቁጥር ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ይህን እንዲያረጋግጥ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ችግር በአራተኛው ወር መጣ። ላፕቶፑ ከእንቅልፍ ሲነቃ ስክሪኑ ይርገበገብ ጀመር፤ መጀመሪያ ለአፍታ፣ በኋላ ለደቂቃዎች። አንድ ጠጋኝ አይቶት «ስክሪኑ ሞቷል፣ ይቀየር» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግሁ፦ ኮምፒውተሩን ወደ ባዮስ ገጽ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወዳለው የማስተካከያ ገጽ) አስገብቼ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተውሁት። ባዮስ ውስጥ የዊንዶውስ ድራይቨር (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) አይሠራም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የስክሪኑ ወይም የገመዱ ቢሆን ኖሮ እዚያም መርገብገብ ነበረበት። አንድም ጊዜ አልተርገበገበም። ቀጥዬ ዊንዶውስ ውስጥ «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር» የሚባለውን ከፈትሁ። ይህ መሣሪያ በየቀኑ የተጫነውንና የተበላሸውን ሁሉ በቀን መቁጠሪያ መልክ ደርድሮ ያሳያል፤ ከብዙ ጠጋኝ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መርገብገቡ የጀመረበትን ቀን ስመለከት፣ ከዋዜማው በአፕዴት የገባ የግራፊክስ ድራይቨር ተመዝግቦ አገኘሁ።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብቼ ድራይቨሩን ወደ ነበረበት በመመለስ መርገብገቡ ቆመ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ያው ድራይቨር እንደገና ገባና ችግሩም ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ የፕሮ እትም ስለሆነ በግሩፕ ፖሊሲ (የሲስተሙን ደንቦች በሚወስነው መሣሪያ) በኩል አፕዴቱ ድራይቨር እንዳያመጣ ከለከልሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። የዚህ ዋጋ ግን አለው፦ ከአሁን በኋላ የየትኛውንም ድራይቨር ነገር የምከታተለው እኔ ነኝ። ለዚህ ፕሮሰሰርና ለአዲሱ ሲስተም ጥምረት ሞክሮ የሚያረጋግጥልኝ አካል የለም፤ «ድጋፍ የለውም» የሚለው ቃል በተግባር ሲተረጎም ይህ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ይዘገያል ማለት አይደለም።

ሦስተኛውን ችግር ያመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። የደኅንነት ገጹ ውስጥ «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» የሚል የጠፋ ማብሪያ አየሁና፣ ደኅንነት ተብሎ ሲጠፋ አልወድምና፣ አበራሁት። ኮምፒውተሩ ሥራው ሁሉ ከበደው፤ የአሮጌው ስካነሬ ድራይቨርም አልነሳ አለ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ይህ መከላከያ ከሰባተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የያዙትን የሃርድዌር ድጋፍ ተማምኖ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ያንኑ ሥራ በሶፍትዌር ስለሚያስመስለው ሸክሙ ይከብዳል፤ ያረጁ ድራይቨሮችንም አያስገባም። አጥፍቼው ሥራዬን ቀጠልሁ። አንድ የመከላከያ አጥር እንደጎደለኝ አውቃለሁ፤ የባንክ ሥራዬንም በዚህ ኮምፒውተር አልሠራም።

ትንሽ ነገር ግን ብዙ ያደከመችኝ ደግሞ አለች። ፕሪንተሩ ጠዋት ጠዋት አልታይ ሲል «አጥፍቼ አበራሁት፣ አሁንም ያው ነው» እል ነበር። ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር በርቶ ሳለ «ሹት ዳውን» ማለት ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይደለም፤ የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሳል። ችግሩም አብሮ አድሮ አብሮ ይነሳል። በትክክል የሚዘጋውና የሚከፍተው «ሪስታርት» ነው። አሠራሩን አጠፋሁት፤ ጠዋት ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል፤ ፕሪንተሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልተደበቀም።

ወርኃዊ የደኅንነት አፕዴቶች እስካሁን አንድም ሳይቀሩ ደርሰውኛል፤ ማይክሮሶፍት ግን መስፈርት ለማያሟሉ ኮምፒውተሮች ይህ እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም፤ ይህንንም በግልጽ ጽፎታል። በራሱ የማይመጣው የየዓመቱ አዲስ እትም ነው። የጫንሁት 23ኤች2 ለሆምና ለፕሮ ተጠቃሚዎች ድጋፉ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ነበር፤ ኮምፒውተሬ ግን ስለ 24ኤች2 ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ ከአምስት ጊጋባይት በላይ የሆነውን የመጫኛ ፋይል በሌሊት ጥቅል አውርጄ፣ እንደገና በሩፈስ ፍላሽ አዘጋጅቼ፣ ፋይሎቼና ፕሮግራሞቼ እንዳሉ ሆነው በላዩ ላይ እንዲጭን ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ እሑድ ማታ ጀመርሁ።

64 በመቶ ላይ መብራት ጠፋ።

ሠፈሩ በሙሉ ጨለመ፤ የፎቶ ኮፒው ማሽን ጩኸቱን አቆመ፤ በጨለማው ውስጥ የቀረችው የላፕቶፑ ስክሪንና በላዩዋ የምትሽከረከረው ክብ ብቻ ነበረች። ይህ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ከውስጥ የተቀበረ፣ ሌላው ከኋላ የሚነቀል። የውስጡ አርጅቶ ከሩብ ሰዓት አያልፍም፤ የኋላውን ግን ባለፈው ክረምት በአዲስ ቀይሬው ነበር። እትም በሚለወጥበት መሀል ኮምፒውተር መጥፋቱ ሲስተሙን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ጊዜ ራሱን ዘግቶ ተነሳ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ የመግቢያው ገጽ ሲመጣ መብራቱ ገና አልተመለሰም ነበር። የኒያላ ፎንት በቦታው ነበር፤ የድራይቨሩ ክልከላም ጸንቷል፤ ስካነሩን ብቻ በማግስቱ እንደገና ጫንሁት።

ዛሬ እንዴት ነው ለሚለኝ፦ ከማብሪያው ቁልፍ እስከ ሥራ ገጽ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ወርድ፣ ከአሥር ያልበለጡ የብራውዘር ገጾችና ስካነሩ አብረው ሲሠሩ አይንገዳገድም። የቪዲዮ ስብሰባና ስካን አንድ ላይ ሲሆኑ ማራገቢያው ይጮኻል። ሴቲንግስ ውስጥ መስፈርቱ እንዳልተሟላ የምትናገር አንዲት መስመር አለች፤ እኔም አልቀየምባትም፤ እውነቷን ነው።

ችግር ሲመጣ ምክንያቱን መርምሮ መፈለግ ለሚችል፣ ባክአፕ ለሚይዝና ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ቢቆም ሥራው ለማይቆም ሰው ይህን መንገድ ሳላመነታ እመክረዋለሁ። ፎርማት ለማስደረግ ሰው የሚለምን፣ ወይም የደመወዝ መዝገብና የደንበኛ ገንዘብ የሚይዝ ከሆነ ግን ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ ፈልጎ መግዛቱ ይሻለዋል፤ ልዩነቱን በአንድ የጠጋኝ ክፍያና በሁለት የጠፉ የሥራ ቀኖች ያገኘዋል። አሁን ያለሁበት 24ኤች2 ድጋፉ የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ከፎቶ ኮፒው ማሽን በላይ ባለው የግድግዳ ካላንደር ላይ በቀይ አክብቤዋለሁ፤ ከሥሩም «ባትሪው ይሞላ» ብዬ ጽፌያለሁ።