«እስከ 40 ሜትር እናወርዳችኋለን» ለሚል ቀብድ አትክፈሉ

ኮራል ግድግዳ (ባሕር ውስጥ ቁልቁል የሚወርድ ኮራል የሞላበት ገደል) ላይ ስኩባ፣ ማለትም የአየር ታንክ ይዛችሁ፣ ለመጥለቅ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ጥልቀትን እንደ ምርቃት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። «ሌላው 20 ሜትር ያወርዳችኋል፣ እኛ ግን 40!» ይላሉ። ሲሰሙት ትርፍ ይመስላል። ኪሳራ ነው።

እኔን የገጠመኝ እንዲህ ነው። የመነሻ ደረጃ ፈቃድ ነው ያለኝ፤ የሚፈቅድልኝም 18 ሜትር ነው። ስንሳፈር ካርዴን ልይ ያለ የለም። ጀማሪውንም የከረመውንም አንድ ላይ አሰልፈው ቁልቁል ነዱን። 18 ላይ ስቆም አስጎብኚው ከታች «ና፣ ና» እያለ በእጁ ይጠራኛል። አንገቴን ነቀነቅኩ። ትቶኝ ወረደ! ደግነቱ አንድ የከረመ ጠላቂ አብሮኝ ቀረ። ጀልባው ላይ ስናገር ደግሞ «ታዲያ ምን ሆንክ?» ተባልኩ።

ደህንነቱን ለጊዜው እንተወውና ሂሳቡን እንየው። ውሃ ፊት ላይ ግፊቱ አንድ አትሞስፌር ነው፤ በየ10 ሜትሩ ሌላ አንድ ይጨምራል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ ውሃ ፊት ላይ ከምትጠቀሙት አየር ሁለት እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ትጨርሳላችሁ። ያው ታንክ ነው፣ ግን 30 ላይ ከ10 ሜትሩ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ናይትሮጅኑም አለ፤ ከምትስቡት አየር ወደ ሰውነታችሁ ይገባል፣ በጥልቀት ቶሎ ይከማቻል፣ ሲበዛ ያሳምማል። በተለመደው የጠላቂዎች ሰንጠረዥ 30 ሜትር ላይ የሚፈቀደው 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 40 ላይ 10 ደቂቃም አይሞላም። 40 ሜትር ደግሞ ለመዝናኛ ጠላቂ የመጨረሻው ወሰን ነው፣ እሱም ስልጠና ላለው። ማስታወቂያው ላይ «የአንድ ሰዓት ጉዞ» ብለው ሲጽፉ ይህን አይነግሯችሁም።

የሚታየው ነገርስ? ኮራል ፀሐይ ይፈልጋል። ቀለሙና የዓሣው ግርግር በብዛት ያለው ላይኛው ክፍል ላይ ነው። ቀይ ቀለም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች በኋላ ይጠፋል፤ ወደ ታች ሁሉም ሰማያዊና ግራጫ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ደማቅ ቀይ ኮራል በመብራት የተነሳ ፎቶ ነው።

ግድግዳ ከሌላው የሚለየው ወለል ስለሌለው ነው። ከእግራችሁ በታች ጥቁር ሰማያዊ ብቻ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ሳታውቁት ትወርዳላችሁ። ስትወርዱ ወፍራሙ የመጥለቂያ ልብሳችሁ ይጨመቃል፣ ያኔ ደግሞ ይበልጥ ትሰምጣላችሁ። ስለዚህ ዓይናችሁ ጥልቀት መለኪያው ላይ ይሁን እንጂ አስጎብኚው ጫማ ላይ አይሁን። 30 ሜትር አካባቢ ናይትሮጅኑ ሞቅ ያደርጋል። ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ ደህና ነኝ ነው የሚለው።

አንዳንዴ ውሃው ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ይፈስሳል። ዓሦቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ሲዋኙ ካያችሁ፣ ወይም አረፋችሁ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ከወረደ ምልክቱ እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት «ውሃው ወደ ታች ቢጎትተን ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ያስረዳችኋል። «አታስቡ፣ እኔ አለሁ» ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሰርተፍኬት የሌላችሁ ደግሞ፣ በሙከራ መጥለቅ የተለመደው ወሰን 12 ሜትር ነው፣ እሱም ከአሰልጣኝ ጋር። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሰው በእናንተ ሕይወት እየተጫወተ ነው።

ዕቃውን ራሳችሁ ፈትሹ። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ጌጁ (የአየር ግፊት መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ 200 ባር አካባቢ ያሳያል። በአፋችሁ ሦስት አራቴ ሳቡና ጌጁን እዩት። በሳባችሁ ቁጥር መርፌው ዝቅ ብሎ የሚመለስ ከሆነ የታንኩ መክፈቻ በደንብ አልተከፈተም ወይም ሌላ ችግር አለ። አየሩ ዘይት ዘይት ከሸተተ በጭራሽ አትውረዱበት። የውሃው ፍሰት ስለሚወስዳችሁ ጀልባው ተከትሎ ያነሳችሁ እንደሆነ፣ ተንሳፋፊ ምልክትም ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ የተደበቀ ወጥመድም አለ፦ ጥቅሉ ውስጥ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት መጥለቅ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በረራ። ተደጋጋሚ ከጠለቃችሁ በኋላ ናይትሮጅኑ ከሰውነታችሁ እንዲወጣ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ያንን መጥለቅ ከፍላችሁበት ትተዉታላችሁ ማለት ነው።

ቀብዱንም በጽሑፍ አስጨርሱ። ጉንፋን ከያዛችሁ ጆሯችሁ ግፊቱን አያስተካክልም፣ መውረድም አትችሉም። በሕመም ወይም በአየር ጠባይ ከቀረ ገንዘቡ እንደሚመለስ በግልጽ ካልጻፉ አትክፈሉ።