ስምንት ወር ረግጬ ስድስት ወር የተኛሁበት የቲቤት ስጋጃ

ስጋጃው ቤቴ ከገባ አሥራ አራት ወር ሆነው። ገና እንዳመጣሁት ልጽፍ ነበር፤ እንኳንም ተውኩት። ያኔ ጽፌ ቢሆን የቀለሙን ማማር አውርቼ እጨርስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠጉሩ ረግፏል፣ ቡና ተደፍቶበታል፣ "ሐር ነው" ተብዬ የገዛሁት ነገር ሐር አለመሆኑንም በክብሪት አረጋግጫለሁ። አሁን የማወራው አለኝ።

ዕቃው ይሄ ነው። በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ በእጅ ተቋጥሮ የተሠራ የቲቤት ስጋጃ፤ ወርዱ 3 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ፣ በኛ ልክ 90 በ180 ሳንቲሜትር ገደማ። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። መሐሉ ላይ ክሬም ቀለም ያላቸው አራት የሎተስ አበቦች አሉ። ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ 400 የስዊስ ፍራንክ ከፍዬበታለሁ።

የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ነው። እዚህ ያለች ሐበሻ ከቲቤት ስጋጃ ጋር ምን አገናኛት ካላችሁ፣ ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስዊዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ ሺህ የቲቤት ስደተኞችን ለመቀበል ወስና ነበር። ከኛ ከተማ ብዙም የማይርቅ ሪኮን የሚባል ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው የድስት ፋብሪካ ለአንዳንዶቹ ሥራና መጠለያ ሰጥቷል። የሷም ወላጆች በዚያ ዘመን የመጡ ናቸው። አክስቷ ግን ካትማንዱ ቀሩ። እሳቸውን ልትጠይቅ ስትሄድ "ነይ አብረን እንሂድ" አለችኝ፤ ሄድኩ።

ካትማንዱ ለምን የቲቤት ስጋጃ ከተማ ሆነች? ከ1959 በኋላ ከቲቤት የወጡ ሰዎች የያዙት ዋና ነገር የእጅ ሙያቸውን ነው። በቀይ መስቀልና በስዊሶች እርዳታ የካትማንዱ ጎረቤት በሆነችው ፓታን ውስጥ ጃዋላኬል የሚባለው ሰፈር በ1960 የስጋጃ ሥራ ማዕከል ተቋቋመላቸው። ከዚያ ሥራው ተስፋፍቶ በ1990ዎቹ ከኔፓል ዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ትልቁ ገዢ ጀርመን ነበር።

ጃዋላኬል ስንሄድ መጀመሪያ የገባነው ሱፍ የሚዘጋጅበት ክፍል ነው። አሮጊቶች መሬት ላይ ተቀምጠው የሽቦ ጥርስ ባላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ሱፉን ያባዝታሉ፤ ሌሎቹ በእጅ በሚዞር መንኮራኩር ይፈትላሉ። ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። መንዝ ያደገች ሰው ናት፤ ባና ሲሠራ እያየች ነው ያደገችው። ስልኩን አሮጊቶቹ ላይ ሳዞረው ዝም ብላ ቆየችና "ክሩን ጠጋ አድርጊልኝ" አለች። ጠጋ አደረግሁት። "ዥጉርጉር ፈትል ነው፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይቀጥናል" አለችኝ።

ልክ ናት። ያ ዥጉርጉርነት ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። በእጅ የተፈተለ ክር ቀለሙን እኩል አይጠጣም። ወፍራሙ ጋ ደመቅ፣ ቀጭኑ ጋ ፈዘዝ ይላል። ስጋጃዬን ሳሎን ላይ ዘርግቼ ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊው ውስጥ እንደ ሞገድ የሚሄድ መስመር አየሁ። እድፍ መሰለኝ፤ ደነገጥኩ። የስጋጃ ሰዎች አብራሽ ይሉታል፤ በማሽን ክር ብዙም የማይገኝ ስለሆነ እንዲያውም ይፈልጉታል። እኔ እሱን ለመውደድ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ስለ ሱፉ ትንሽ ልበል፤ የዚህ ስጋጃ ነፍሱ እሱ ነውና። የቲቤት ደጋ በግ ብርዱን የሚችለው ረጅምና ጠንካራ ጠጉር ስላለው ነው። ጠጉሩ ላኖሊን የሚባል የበግ ቅባት ይበዛበታል። ታጥቦም ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ የሚያሟልጭ፣ ሲረግጡት ደግሞ ተመልሶ የሚነሣ ነው። የሶፋዬ እግር አምስት ወር የቆመበት ቦታ ሶፋው ሲነሣ ጎድጉዶ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ቆመ። ሻጮች "መቶ በመቶ የቲቤት ሱፍ" ማለት ይወዳሉ። ኔፓል ውስጥ ግን ከኒውዚላንድ ሱፍ ጋር መቀላቀል የተለመደ ነው። ቅልቅል መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ አለመናገሩ ነው።

አሁን ወደ መርገፉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ጉድ ነበር። የቫኪዩሙ ከረጢት በየሳምንቱ በሰማያዊ ጠጉር ይሞላል። ካልሲዬ ሰማያዊ፣ የድመቷ ጢም ሰማያዊ። ምክንያቱ ያ በእጅ የሚባዘተው ሱፍ ነው። አጫጭሩ ጠጉር ከረጅሙ ጋር አብሮ ይፈተላል፣ ክሩ ሲቆረጥ ደግሞ መያዣ ያጣውና ቀስ በቀስ ይወጣል። አምስተኛው ወር ላይ ቀነሰ፤ አሁን የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ያባባስኩት ነገር አለ። ቫኪዩሙን በሚሽከረከረው ብሩሽ ነበር የምጠቀመው። ብሩሹን አጥፉና በመሳብ ብቻ፣ ጠጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ጥረጉ።

ቋጠሮው ላይ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ። የኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ድሩን ወደ ፊቱ ይዘረጋል። እነሱ ዘንድ ድሩ እንደ በገና ክር ከላይ ወደ ታች ቆሟል። ሸማኔዎቹ ደግሞ ሴቶች ናቸው። እናቴ በዚህ ተገረመች፤ መንዝ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሸማኔዋ ፊት በካሬ ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው። እሷ አንድ ቀጭን ዘንግ ከድሩ ፊት አግድም ትይዛለች። ክሩን በሁለት ድር ላይ ትጠመጥምና ዘንጉ ላይ አዙራ ትመልሳለች። ደግሞ ሁለት ድር፣ ደግሞ ዘንግ። ቀለም እስኪለወጥ ድረስ ክሩ አይቆረጥም። ረድፉ ሲሞላ ማግ ይገባል፣ ዘንጉ በመዶሻ ይመታል፣ ከዚያ ቢላዋ ዘንጉን ተከትሎ ይሄዳል። የተጠመጠመው ሁሉ በአንዴ ይከፈትና ጠጉር ይሆናል። ድምፁ ወፍራም አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። እሱን ለመስማት ብቻ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

በዘንግ መሥራት የቲቤቶቹ ሙያ ነው። የኢራን ስጋጃ ላይ እያንዳንዱ ቋጠሮ ለብቻው ተቋጥሮ ለብቻው ይቆረጣል። የጠጉሩን ቁመት የሚወስነው የዘንጉ ውፍረት ነው። የኔ በአንድ ካሬ ኢንች 60 ቋጠሮ ያለው፣ የተለመደው ዓይነት ነው። ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት፤ 36 ኢንች በ72 ኢንች፣ ሲባዛ በ60፣ 155,520 ቋጠሮ። መቶ ቋጠሮ ያለውን ብገዛ 259,200 ይሆን ነበር፤ ዋጋውም እንደዚያው ይወጣል። ልዩነቱ በምን ይታወቃል? የኔ አበቦች ጠርዝ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እንደ ደረጃ ተሰነጣጥቋል። ከቆማችሁበት አይታይም። ለሳሎን 60 በቂ ነው እላለሁ። ቀጫጭን መስመር ያለው ሥዕል ከፈለጋችሁ ግን አይበቃም።

በስድስተኛው ወር አንዲት ክር ብድግ ብላ ወጣች። ቢላዋው የሳታት ናት። እንዳትስቡ! በመቀስ ከጠጉሩ እኩል ቁረጧት፣ በቃ።

ማቅለሚያው ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። ትልልቅ የፈላ ጋን፣ በእንጨት የሚማሰል ክር። ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ ሰውዬው ሳቀና "ከናንተ አገር፣ ከስዊስ" አለኝ። እኔ ለቅጠልና ለሥራሥር ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። እውነት ለመናገር ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም። መስኮት ሥር ያለው ጫፍ ብቻ ትንሽ ገርጥቷል፤ እሱም ስጋጃውን በየጊዜው ማዟዟር ሲገባኝ ስለተውኩት ነው።

ያላለቀውን ስጋጃ የሚሸጥ ዕቃ የሚያደርገው ማጠናቀቂያው ነው። ከሽመናው ሲወርድ አላምርም ይላል፤ የተንጨባረረ፣ አቧራ የበላ። ሲሚንቶ ላይ ይነጠፍና ይታጠባል። ወንዶች እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ባለ እንጨት ውሃውን እየገፉ ያስወጡታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ማዕዘኑ እንዲስተካከል ተወጥሮ ይታሰራል። በመጨረሻ በመቀስ ይከረከማል፤ በአበባው ዙሪያ ጠጉሩ በሰያፍ ይፈለፈላል፣ አበባው ጎልቶ እንዲወጣ። ፍልፍሉን ስትዳስሱት እንደ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ቡና ለሚያፈላ ቤት ግን ፈተና ነው። የፈንዲሻ ፍርፋሪ ገብቶ የሚደበቀው እዚያ ፍልፍል ውስጥ ነው። መወጠሩም ሁሉን አያቃናም፤ የኔ አንደኛው ጫፍ ከሌላው በሁለት ሳንቲሜትር ይሰፋል። እናቴ "እጅ ነዋ" ብላ አለፈችው።

ስምንተኛው ወር። እሑድ፣ ቡና እያፈላሁ፣ የእንግዳ ልጅ ስትሮጥ ጀበናውን ነካችው። አቦሉ ግማሹ ሰማያዊው ላይ፣ ግማሹ አበባው ላይ ተደፋ። ሰማያዊው ሱፍ ላይ ቡናው እንደ ኮባ ቅጠል ላይ ውሃ ድቡልቡል ብሎ ቆመ። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጌ አነሣሁት፤ ምንም አልቀረ። ያ የበግ ቅባት ሥራውን ሠራ። አበባው ግን ጠጣው። በደረቀ ጊዜ ቢጫ ሆኖ፣ ጠጉሩም ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁት።

ሻጩ አበባውን "ንጹሕ ሐር" ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ ዋጋውንም በሱ ምክንያት ነው የሰቀለው። ባልደረባዬ ለአክስቷ ደወለች። አክስቷ "ከአበባው አንድ ሁለት ክር ንቀዪና አቃጥዪው" አሉኝ። ሐር ሲቃጠል እንደ ጠጉር ይሸታል፤ ጥቁር፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ነገር ይቀራል። የኔ የሸተተው እንደ ወረቀት ነው፤ የቀረውም ልስልስ ያለ ግራጫ አመድ። ቪስኮስ ነው። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ የሚወጣ ክር፤ ገበያ ላይ "የቀርከሃ ሐር" ወይም "የሙዝ ሐር" እያሉ ያቆላምጡታል። ያብረቀርቃል፣ ለዓይን ከሐር አይለይም። ውሃ ሲነካው ግን ይደክማል። ለሻጩ መልእክት ጻፍኩለት። "እኅቴ፣ ሐር ብዙ ዓይነት ነው" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም።

ሌላም የቆጨኝ ነገር አለ። በ1994 ራግማርክ ተብሎ የተጀመረ፣ አሁን ጉድዊቭ የሚባል መለያ አለ። መሥራቹ ኋላ በ2014 የሰላም ኖቤል የተሸለመው ሕንዳዊው ካይላሽ ሳትያርቲ ነው። ስጋጃው በልጆች ጉልበት እንዳልተሠራ የሚቆጣጠር ነው፤ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው። የኔ የለውም። ሱቁ ውስጥ ቀለም ሳማርጥ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ጃዋላኬል ያየኋቸው ሴቶች ናቸው የሠሩት ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ የገዛሁት ከሌላ ሱቅ ነው።

ከቡናው በኋላ ስጋጃውን ጠቅልዬ ልደብቀው ነበር። ያኔ አክስቷ መጀመሪያ ቀን ያሉኝ ትዝ አለኝ። ሱቅ ስንወጣ ስጋጃውን አይተው "ይሄ እኮ ለመሬት አይደለም" ብለውኝ ነበር። በዚህ ልክ የሚሠራ ስጋጃ ካደን ይባላል። ቲቤቶች ቤት ውስጥ በግድግዳ ዙሪያ ዝቅ ያለ መቀመጫ አለ፤ መደብ በሉት። ካደን የሚነጠፈው እዚያ ላይ ነው። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይተኙበታል። እኔ እንደ ትሕትና ቆጥሬው አልሰማኋቸውም።

መስኮቱ ትይዩ ካለው ጠፍጣፋ የእንጨት አልጋዬ ላይ ፍራሹን አንሥቼ አነጠፍኩት። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ገብቼ ጠዋት ነው የምወጣው። ጠዋት መጥቼ እሱ ላይ ጋደም እላለሁ። ጀርባዬ አያልበኝም፤ በክረምትም ብርድ ልብስ አንድ ይበቃኛል። ጫማ አይረግጠውም፣ ቡና አይደርስበትም፣ ድመቷም እንደ ርስቷ ይዛዋለች። ስድስት ወር ሆነ፤ ከስምንቱ ወር ይልቅ የተጠቀምኩበት በዚህ ነው።

ድጋሚ ብገዛ? እገዛለሁ፤ ግን ሙሉ ሱፍ፣ ሐርም "ሐርም" የሌለበት፣ መለያ ያለው። ከመክፈሌ በፊትም ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ሥዕሉ ጀርባው ላይም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎበት ካገኛችሁ ቋጠሮ የሚባል ነገር የለውም። ይሄን ሱቅ ውስጥ ሳለሁ የነገረችኝ እናቴ ናት፣ በስልክ፣ ከአዲስ አበባ። ጀርባውን አሳይቻት "እሱስ እውነተኛ ነው" አለችኝ። አበባውን በክብሪት ሞክሪው ግን አላለችኝም። ቢጫው እድፍ አሁን ከራስጌ በኩል ነው፤ ትራሱን እዚያ ላይ አደርገዋለሁ።