ለዕለት ፈረንሳይኛ፦ የስልክ ተርጓሚ ወይስ በቃል የተያዘ ሐረግ?

«ሞቆኛል» ለማለት የእንግሊዝኛውን «አይ አም ሆት» ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ ያዞረ ሰው «ዥ ስዊ ሾ» ይላል፤ ሰሚው ነገሩን ወደ ወሲብ ሊወስድበት ይችላል። ትክክሉ «ዤ ሾ» ነው፣ «ሙቀት አለኝ» እንደማለት።

ወጪ፦ ተርጓሚው ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት ወይም ቀድሞ የወረደ ቋንቋ ግን ይፈልጋል። ሽምደዳ የሚበላው ጊዜ ነው።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተንም እርስዎንም ይይዛል። ፈረንሳይኛ ግን እንደኛው አማርኛ «ቱ» እና «ቩ» ብሎ ይለያል። ተርጓሚው የምታናግሩት ሕፃን ይሁን ሽማግሌ አያውቅም። ጥያቄውን በ«ቩ» የሸመደደ ሰው ትልቅ ሰው አያስቀይምም። «ቦንዡር» ሳይሉ ጥያቄ መጀመርም በፈረንሳይ ነውር ነው፤ ይህን ተርጓሚው አያስታውሳችሁም።

ቅለት፦ የሸመደዱትን መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱ በፍጥነት ሲመጣ ግን ስልኩ ያግዛል።

ለዳቦ ቤት፣ ለአውቶቡስና ለጎረቤት ሰላምታ በቃል መያዙን እመርጣለሁ። ለደብዳቤና ለማስታወቂያ ተርጓሚው ይሻላል። የኪራይ ውል ከሆነ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ።