የጋሼን እግር ላዳነችልን ልጅ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ጽሁፉ ረጅም ነው፣ ታገሱኝ። ቤታችሁ ኤሊ፣ ጥንቸል ወይም ሰው የሚስቅበት ሌላ እንስሳ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጋሼ ኤሊያችን ነው። አባቴ ነው ያመጣው፣ እኔ ሳልወለድ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጀርባውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ይለውና የጎመን ቅጠል ያቀርብለት ነበር። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። ጎመኑን አሁን የማቀርበው እኔ ነኝ።

ከሁለት ወር በፊት የጎረቤት ውሻ ገብቶ የኋላ እግሩን ነከሰው። ትንሽ ቁስል ናት፣ ቆዳው ብቻ ነው የተላጠው፣ ይድናል ብለን ተውነው። አንድ ዘመዳችን የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ብሎን ነበር፣ እንኳን አልሰማነው! በአራተኛው ቀን ጎንበስ ብዬ ሳየው ቁስሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ትል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ "እኛ የምናክመው ላምና በግ ነው" ብለው ሳቁብኝ። መሳቁንስ ይሳቁ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ይቀርጸኛል። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ባሰ። ሰውዬው ቁስሉን ዝቅ ብሎ እንኳ አላየውም። ስልክ እያወራ አይቨርሜክቲን በመርፌ ቀዳ። "ለበግ የምንወጋው ነው፣ ትሉን ይጨርሰዋል" አለኝ። ጋሼ እግሩንም አንገቱንም ሰብስቦ ድንጋይ ሆነ። ሰውዬው ይጎትታል፣ ጋሼ ይሰበስባል። በመጨረሻ ሰለቸውና "ነገ አምጪው" አለኝ። ለተቀዳው መድኃኒት ግን አስከፈለኝ። ከፈልኩ።

ጋሼን በሳፋ ታቅፌ እያለቀስኩ ስመለስ፣ አቶቴ አካባቢ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አለች ያለኝ የባጃጁ ሹፌር ነው። (የጋሼን ሒሳብ ለብቻ ቢጠይቀኝም ውለታውን አልረሳም።)

ልጅቷ የታናሽ እህቴ እኩያ ናት። ስነግራት አይቨርሜክቲን የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

"ተወጋ?"

"አልተወጋም፣ እግሩን ደበቀ።"

ተነፈሰች። "እህቴ፣ ለበግ መድኃኒት ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው፣ ይገድለዋል።"

ጋሼ ራሱን በራሱ አድኖ መምጣቱን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ጠረጴዛ ላይ አላወጣችውም። ካርቶን ዘርግታ መሬት ላይ ተንበረከከች። ለብ ያለውን ውሃ ለሕፃን እንደሚደረገው በክንዷ ለካችው። ጋሼ እግሬን አላወጣም አለ። አልጎተተችውም። ደንበኛ ሲመጣ "ትንሽ ጠብቁኝ" ትላለች። ከዚያ ጀርባውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። አባቴን አታውቀውም እኮ! እግሩ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ትሉን በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀመችው፣ 11 ቆጠርኩ። ቤታዲኑን የቀጠነ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥና አጠበችለት። መርፌውን የወጋችው የፊት እግሩ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ስለ ኩላሊት የሆነ ነገር አስረድታኝ ነበር፣ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ ዝንብ እንዳያርፍበት ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ጠዋት ፀሐይ ይሙቅ። የኤሊ ደም ቀዝቃዛ ስለሆነ ካልሞቀው ቁስሉ አይድንለትም፣ ቢሞቀውም ቶሎ አይድንም። ስለዚህ ጋሼ አጎበር ውስጥ ከረመ። እኛ በወባ ትንኝ፣ እሱ በአጎበር!

"እባብስ ታክሚያለሽ?" ብዬ ቀለድኩባት። "ካመጣሽው" አለች። እባብ ቁስል ካለበት ቆዳውን ሲቀይር እዚያ ቦታ ላይ ይያዝበታል አለችኝ። የምሯን ነው።

የመድኃኒቱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ እየደወለች "ጋሼ እንዴት ዋሉ?" ትለኛለች። አንቱ ነው የምትለው። አሁን ቁስሉ ገጥሟል፣ አመድማ አዲስ ቆዳ ወጥቶለታል።

ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። እባካችሁ የትም አትንከራተቱ፣ ወደ እሷ ሂዱ። ዛሬ ጠዋት ከጎመን ጋር ላኪልኝ ያለችውን ፎቶ ላነሳው ስል ጋሼ ጎመኑን ትቶ ነጠላ ጫማዬን ነከሰኝ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፣ ግን ልኬላታለሁ።