ኤስኤኤስ ወይስ ኔቪ ሲል፦ የማን ዝና ይበልጣል?

በዕድሜ የእንግሊዝ ጦር ልዩ የኮማንዶ ክፍል የሆነው ኤስኤኤስ (SAS) ይቀድማል፤ በ1941 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ በረሃ ተመሠረተ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ የኮማንዶ ክፍል የሆነው ኔቪ ሲል (SEAL) የ1962 ነው።

ስም ያስጠራቸው፦ ኤስኤኤስን የ1980ው የለንደን የኢራን ኤምባሲ እገታ፤ ጭምብል ያጠለቁ ኮማንዶዎች ታጋቾቹን ለማስለቀቅ በረንዳው ላይ ሲወጡ ዓለም በቴሌቪዥን በቀጥታ አየ። ሲልን የ2011ዱ የቢን ላደን ግድያ።

ምልመላ፦ ኤስኤኤስ ከባድ ሸክም አሸክሞ የዌልስ ተራራ ላይ ብቻህን ይለቅሃል፤ የሚጮህብህም የሚያበረታህም የለም። ሲል በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ በብርድና በእንቅልፍ እጦት ይፈትናል፤ «በቃኝ» ያለ ሦስት ጊዜ ደወል ይደውላል። ለእኔ የዝምታው ይብሳል።

ወሬ፦ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኤስኤኤስ ትንፍሽ አይልም። የሲል አባላት ግን መጽሐፍ ይጽፋሉ።

ለባሕር ዘመቻ ሲል፣ ከጠላት ጀርባ ለቀናት ተደብቆ ለመሰለል ኤስኤኤስ ይመረጣል። እንዲያውም የሲል ትክክለኛ አቻ ሌላው የእንግሊዝ ክፍል፣ የባሕር ኮማንዶው ኤስቢኤስ (SBS) ነው፤ ስሙን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው።