ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? አዲስ ለሚገቡ ባልና ሚስት

ሥራ ተቀይሮላችሁ ወይም ገና ተጋብታችሁ ወደ ደቡብ ወሎ የምትመጡ ከሆነ፣ ከቤት ኪራይ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ከተማ?» የሚለው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «አንዱ ጋ እንኖራለን፣ ሌላው ጋ እንሠራለን፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግር አለው። መሐል ላይ ሐረጎ አለ።

ሐረጎን ለማያውቅ ሰው በቁጥር ልንገር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ሁሉ ከፍታ መኪናው በጠመዝማዛው የሐረጎ ቁልቁለት ነው የሚወርደው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ዋና መንገድም ይኸው ነው። የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። ኩርባ ላይ አንድ ተሳቢ ከቆመ ደግሞ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ቅዳሜ ለሽርሽር ሲወርዱት እጅግ ያምራል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሲሆን ግን ይሰለቻል፣ ኪስም ይጎዳል።

እኛ የምንኖረው ደሴ ነው። ኮምቦልቻም ወዳጆች ስላሉን እንመላለሳለን። ሁለቱንም ከተሞች እወዳቸዋለሁ፤ ግን ለአንድ ዓይነት ሰው አይደሉም።

መጀመሪያ ሥራው

ደሴ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። የመንግሥት ቢሮው፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ፣ ባንኩና ንግዱ እዚህ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁሉም እዚያ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም እንደዚሁ።

ከሁለታችሁ አንዳችሁ በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ እዚሁ ላይ አለቀ። ኮምቦልቻ ግቡ። ሌሊት የሚያልቅ ፈረቃና ሐረጎ አብረው አይሄዱም። ሁለታችሁም ቢሮ ገቢ ከሆናችሁና ሥራችሁ ደሴ ከሆነም ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። አስቸጋሪው አንዱ ታች፣ አንዱ ላይ ሲሆን ነው። ያኔ ደመወዝ አታወዳድሩ። ጠዋት ቀድሞ የሚወጣው፣ ማታ ዘግይቶ የሚገባው ማነው? ቤቱ ለእሱ ወይም ለእሷ ይቅረብ። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ካለው ደግሞ ሰርቪሱ በስንት ሰዓት ከየት እንደሚነሳ አስቀድማችሁ ጠይቁ። «ሰርቪስ አለን» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ብርድና ሙቀት

ደሴ ይበርዳል። ጋቢ ለበዓል ብቻ የሚለበስበት ከተማ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይጠዘጥዛል፤ ሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት ምንጣፍ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ልብስ አይደርቅም። ዳገት ተቆፍሮ የተሠራ ቤት ከሆነ የኋላው ግድግዳ እርጥበት ይስባል። ቤት ስታዩ በእጃችሁ ዳስሱት፣ አልጋው የሚቀመጥበትን ጥግ አሽትቱት።

ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማውራት ይቻላል። ቀን ላይ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ኮርኒስ ከሌለው ያቃጥላል። አጎበርም መግዛት አለባችሁ፤ ደሴ የለመዳችሁት ቸልተኝነት እዚያ አይሠራም። አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ካለ የደሴ ብርድ ይስማማው አይስማማው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቤትና ውሃ

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሐል የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳ የለም። ስለዚህ ቤቱ ጠባብ፣ ግቢው ደረጃ ያለው፣ መንገዱ ዳገት ነው። ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሸዋ በር፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፤ በየትኛውም ሰፈር ብትገቡ እግራችሁ ይጠነክራል። ኮምቦልቻ ሜዳው ይሻላል። ሰፋ ያለ ግቢ፣ መኪና ማቆሚያ ያለው ቤት ማግኘት እዚያ ይቀላል። መኪና ላለው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደላላው ስለ ክፍሉ ብዛት ያወራላችኋል። እናንተ ስለ ውሃ ጠይቁ። ደሴ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር አለ፤ ፈረቃውም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። የአከራዩን ቃል ብቻ አትያዙ። ግቢው ውስጥ ዞር በሉና የጄሪካኑን ሁኔታ እዩ። ቢጫዎቹ ጄሪካኖች ክዳናቸው ተከድኖ፣ ሞልተው፣ ግድግዳ ጥግ በተርታ ከተደረደሩ ቤቱ ውሃ የሚጠብቅ ቤት ነው። ባዶ ሆነው ጥግ ላይ አቧራ ከጠጡ ውሃው ደህና ይመጣል ማለት ነው። ሮቶ ካለ ደግሞ ቱቦው እስከ እናንተ ክፍል ይደርስ እንደሆነ ቧንቧውን ከፍታችሁ አረጋግጡ። ሮቶው ለአከራይዋ ቤት ብቻ የተዘረጋበት ግቢ ሞልቷል።

ከዚያ የመብራት ቆጣሪ። የብቻ ነው የጋራ? የጋራ ከሆነ ክፍያው እንዴት ይካፈላል? በምጣድ በምትጋግሩበት ቀን ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ይህ ውሉ ላይ ይግባ። የደላላው ኮሚሽንም ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ይነገራችሁ።

ቅዳሜና እሑድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለአዲስ ባለትዳር ከተማ የሚለመደው በሥራ ቀን አይደለም። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰው ቤት ውስጥ ተፋጥጦ መዋል ይከብዳል። የምትወጡበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። በዚህ ነገር ደሴ ትበልጣለች፤ ይህን ሳልፈራ እላለሁ።

በእግር ብቻ የሚደረስበት ብዙ ነው። ጦሳን መውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። ጠዋት ጉሙ ከተነሳ በኋላ ውጡ፤ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት የከተማዋ ቆርቆሮ ሁሉ ከእግራችሁ በታች ይዘረጋል፣ ቦርከና ወንዝም በመሐሏ ሲያልፍ ይታያል። ብቻችሁን ሳይሆን የሰፈር ሰው ይዛችሁ ብትወጡ ይሻላል፤ መንገዱንም ያሳያችኋል፣ ወዳጅም ይሆናችኋል። መሐል ከተማ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አለ። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ ብዙ ቅርስ ተዘርፎበታል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ለሸመታ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው የገበያ ቦታ ሂዱ። እህሉን፣ ቅመሙን፣ የሸክላውን ዕቃ ተራ በተራ እያያችሁ የቤታችሁን ጎዶሎ እዚያ ትሞላላችሁ። ታሪክ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው።

ከሁሉም የምመርጠው ግን ሐይቅ የሚባለውን ከተማና ሐይቁን ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ከኮምቦልቻ ከተነሳችሁ ግን መጀመሪያ ሐረጎን መውጣት አለባችሁ፤ መንገዱ በእጥፍ ሊረዝም ምንም አይቀረው። እዚህ ላይ ለባልና ሚስት አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነውና ወንዱ መግባት ቢፈልግ አያስደንቅም። ሴቷ ግን ይህን በሩ ላይ ደርሳ መስማት የለባትም። በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም አለ፤ እሷ እዚያ ስትሳለም እሱ ወዲህ ይሳለማል። ወይም ሁለታችሁም ገዳሙን ለሌላ ቀን ትታችሁ በውሃው ዳር ዋሉ።

ውሃው ዳር ዓሣ አለ። ቆሮሶውን ሙሉውን፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትሎ ዘይት ውስጥ ይለቁታል። ቆዳው ሲንጫጫ፣ ጭራው ሲደርቅ ያወጡታል። በሎሚና በዳጣ፣ በእጅ ነው የሚበላው። አጥንቱን ስለምትጠነቀቁ ቀስ ብላችሁ ትበላላችሁ፤ ወሬውም በዚያው ይረዝማል። ጸጥታ የምትወዱ ከሆነ ከዚያ ከፍ ብሎ አርዲቦ የሚባል ሁለተኛ ሐይቅ አለ። ሰው ይቀንሳል፣ መንገዱ ግን ያደክማል።

ኮምቦልቻስ? የኮምቦልቻ ጥሩነት ማታ ማታ ነው። ደሴ ሰው ብርዱን ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ ኮምቦልቻ ወንበር ወደ ደጅ ያወጣል። ከሐርቡና ከከሚሴ አቅጣጫ የሚመጣው ፓፓያና ማንጎ ትኩስ ነው። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ደግሞ ባቲ ትደርሳላችሁ። የባቲ ገበያ በአገር የታወቀ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ከደጋም ከቆላም ይገናኝበታል። ግመሉ፣ ከብቱ፣ ጨሌው ዓይን አያስከድንም። ችግሩ ገበያው ሰኞ መዋሉ ነው። ሠራተኛ ሰው የሚያየው ዓመት ፈቃድ ላይ ወይም በዓል ሰኞ ሲውል ነው። ባቲና አምባሰል የሚባሉትን ቅኝቶች ከዘፈን ብቻ የምታውቁ ከሆነ፣ ቦታዎቹን በዓይን ማየት ደስ ይላል።

ከከተማ ስትወጡ የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቁ። ሾፌሮቹ ከማንም በላይ የዕለቱን ያውቃሉ።

ጎረቤት

በሁለቱም ከተሞች ቡና ትጠራላችሁ። ወሎ ነው። ደሴ ግን ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ ስለሆነ ጥሪው ይፈጥናል። ዕቃ አውርዳችሁ ሳትጨርሱ አንዲት እናት ከአጥር ማዶ «አብሽሩ ልጆቼ፣ ነገ ታስተካክሉታላችሁ፤ ኑ ቡና ጠጡ» ቢሏችሁ አትግደርደሩ። ሂዱ። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሳት ደግሞ ነውር ነው፤ በረካው እስኪደርስ ተቀመጡ። ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ ጥሩ ሥጋ ቤቱን፣ የሚታመን ቧንቧ ሠራተኛውን የምትሰሙት እዚያ ነው።

አንድ ለአዲስ ሰው የሚጠቅም ነገር። እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል፤ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ነው። ሥጋው ግን የየራሱ ነው። ቤት ምረቃ ወይም ልደት ስታዘጋጁ የሌላው ሃይማኖት ጎረቤት ካላችሁ፣ ከእነሱው አንድ ሰው ለምናችሁ ለብቻ አሳርዱ፣ ድስቱም ለብቻ ይሁን። ማንም ቅር አይለውም። ባታደርጉት ግን መጥተው ሻይ ብቻ ጠጥተው ይሄዳሉ፣ እናንተም ታዝናላችሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ለሥራ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይበዛል። እንደ እናንተ አዲስ የሆነ ባለትዳር ማግኘት እዚያ ይቀላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ብሆን

ሥራው ነፃ ምርጫ ከሰጣችሁና ዘመድ ከሌላችሁ ደሴ ግቡ። ብርዱን ታግሳችሁ ሰው ታገኛላችሁ፣ የምትሄዱበትም አታጡም። ልጅ ካሰባችሁም ለትልቁ ሆስፒታል ቅርብ መሆን ጥሩ ነው፤ በእርግዝና ወራት ለክትትል ሐረጎን መመላለስ ይከብዳል። መኪና ካላችሁ፣ ብርድ የማትችሉ ከሆነ፣ ወይም አንዳችሁ ፋብሪካ የምትሠሩ ከሆነ ኮምቦልቻ ይሻላችኋል፤ በወር አንዴ ሐይቅን ለማየት መውጣት አያቅትም።

የደሴን ቤት ከተቻለ በክረምት እዩት፤ እርጥበቱና የጣሪያው ፍሳሽ ያኔ ይታያል። የኮምቦልቻን ቤት ደግሞ በቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን። ዕቃ የምታጓጉዙት መስከረም ከሆነ ከ21ዱ የግሸን ማርያም ንግሥ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት። በዚያ ሰሞን ደሴ በምእመን ትሞላለች፤ መኝታም መኪናም በቀላሉ አይገኝም።