በባንክ ስም የሚላኩ የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች የሚጠቆሙበት የብሪታንያ አገልግሎት

የብሪታንያ ብሔራዊ የሳይበር ደኅንነት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው አጠራጣሪ ኢሜይሎችን የመቀበያ አገልግሎት ክፍያም ሆነ ምዝገባ አይጠይቅም። የደረሰንን ኢሜይል «ሪፖርት አት ፊሺንግ ዶት ገቭ ዶት ዩኬ» (report@phishing.gov.uk) ወደሚለው አድራሻ ፎርዋርድ ስናደርግ ማዕከሉ ኢሜይሉንና በውስጡ ያለውን ሊንክ ይመረምራል፤ ሊንኩ ወደ አጭበርባሪዎች ድረ ገጽ የሚወስድ ሆኖ ካገኘውም ገጹን ለማስዘጋት ይሠራል።

አገልግሎቱን የሞከርኩት እዚሁ ለንደን የሚኖሩት አክስቴ በድንጋጤ ደውለው «ልጄ፣ ባንኩ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጥሽ ሂሳብሽን እዘጋለሁ ይለኛል» ባሉኝ ቀን ነው። ምንም እንዳይነኩ ነግሬያቸው ቤታቸው ስደርስ፣ ዓርማው፣ ቀለሙ፣ ከግርጌ ያለው የሕግ ማሳሰቢያ ሳይቀር የባንኩን ይመስል ነበር። የሰዋስው ስሕተት ፈልጉ የሚለው የቆየ ምክርም አልጠቀመንም፤ እንግሊዝኛው እንከን አልነበረውም። በላኪው ቦታ የተጻፈውን የባንኩን ስም ስንነካው ግን ከ«አት» (@) ምልክቱ ቀጥሎ ከባንኩ ጋር ምንም የማይገናኝ አድራሻ ወጣ። ማውሱን ሳንጫን ሊንኩ ላይ ስናሳርፈው ደግሞ አድራሻው በባንኩ ስም ጀምሮ፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት በሌላ ስም ያበቃል፤ የገጹን ባለቤት የሚያሳውቀው ይህ መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። በስማቸው ይጽፍላቸው የነበረው ባንክ በዚህኛው «ውድ ደንበኛ» ማለቱም አክስቴን ራሳቸውን አስገርሟቸዋል።

ኢሜይሉን ወደ ማዕከሉ መላኩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ቅር ያሰኘኝ ማዕከሉ የምርመራውን ውጤት ለጠቆመው ሰው የማያሳውቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ የባንክዎ ይሁን አይሁን መለየት ካልቻሉ ከዚህ አገልግሎት መልስ አይጠብቁ፤ 159 ላይ ቢደውሉ አብዛኞቹን ትልልቅ ባንኮች በቀጥታ ያገናኝዎታል፤ አለዚያም በካርድዎ ጀርባ ባለው ቁጥር ይደውሉ። የይለፍ ቃሉን ወይም የካርዱን ቁጥር አስቀድሞ የሰጠ ሰውም ያለ ምንም መዘግየት ወደ ባንኩ መደወል አለበት፤ ማዕከሉ ገንዘብ አያስመልስም። በስልክ አጭር መልእክት የሚመጣው ማጭበርበሪያ ወደ 7726 ይላካል።

አገልግሎቱን ሳልጠራጠር እመክራለሁ፤ እኔ የላክሁት ኢሜይል የሌላ ሰው እናት ሊከፍቱት የነበረውን ገጽ ሊያስዘጋ ይችላልና። አድራሻውን አክስቴ ስልክ ላይ «አጭበርባሪ» ብዬ መዝግቤላቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ራሳቸው ልከው፣ ከሳጥናቸውም አጥፍተው ነው የነገሩኝ።